የቦብ ማርሊ አውራ ጣት

ነገሌ ቦረና ባጃጅ ከተሳፈራችሁ ከቦብ ማርሊ ጋር የመገናኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አንዱ የኋላ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፣ ሌላው ሸራው ላይ አሥሎታል። ፀጉር ቤት ተራ ስትጠብቁም ከግድግዳው ላይ ሆኖ እየሳቀ ያያችኋል። ያቤሎም ሞያሌም ያው ነው።

ባለፈው ለበዓል ቤተሰብ ጋ ስሄድ ከመናኸሪያ የወሰደኝ ባጃጅ የቦብ ስቲከር ነበረው። ሾፌሩ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ ልጅ ነው። ቦብ በምን እንደሞተ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳያመነታ ሲአይኤ ነው የገደለው አለኝ፤ ጫማው ውስጥ መርዝ ያለው ሽቦ ከተውበት ነው፣ ቲክቶክ ላይ አይቶታል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አይደለም፣ ኳስ ሲጫወት እግሩን ተመቶ ነው አለ። ሌላኛው በጥይት ነው ብሎ ተከራከረ። መንገዱ አጭር ስለሆነ ክርክሩ ሳያልቅ ወረድኩ።

የሚገርመው ሦስቱም ከእውነቱ ቁራጭ ቁራጭ ይዘዋል። ቦብ በጥይት ተመቶ ያውቃል። ኳስ ሲጫወትም ጣቱን ተጎድቷል። የነገሩ ሁሉ መነሻም ጫማ ውስጥ ነው፣ ሽቦ ግን አይደለም። ሦስቱም ያላነሷት አንዲት ቃል አለች፤ ካንሰር። ቦብ ማርሊ የሞተው በቆዳ ካንሰር ነው። ካንሰሩ የጀመረው ደግሞ ቀኝ እግሩ ላይ፣ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ነው። ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር።

ይህን ታሪክ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ለቦብ አድናቂዎች ብቻ ብዬ አይደለም። በሽታው የጀመረበት ቦታ እኛ የቆላ ልጆች ከሁሉ አብዝተን የምናንገላታው የአካላችን ክፍል ስለሆነ ነው፤ እግር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ኔስታ ማርሊ የተወለደው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ጃማይካ ውስጥ፣ ሴንት አን በሚባል አካባቢ፣ ናይን ማይል የምትባል የገጠር መንደር ውስጥ ነው። እናቱ ሴዴላ ገና አፍላ ወጣት ነበረች። አባቱ ኖርቫል ማርሊ በዕድሜ በጣም የሚበልጣት ነጭ ነው። አባትየው ቤት ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቦብ 10 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ሞተ። ልጁ በሠፈሩ ለነጮቹ ጥቁር፣ ለጥቁሮቹ ነጭ ሆኖ አደገ።

12 ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ይዛው ወደ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ሄደች። የገቡበት ሠፈር ትሬንችታውን ይባላል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ የተጠጋጋበት የድሆች ሠፈር ነው። ቦብ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ብየዳ መማር ጀመረ። ቀን ብየዳ፣ ማታ ሙዚቃ። በ1962 የመጀመሪያ ዘፈኑን ቀረጸ። በ1963 ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ሆኖ ዌይለርስ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ዘፈናቸው በጃማይካ ሬዲዮ ሲሰማ እነሱ ኪሳቸው ባዶ ነበር።

በ1966 ሪታን አገባ። ወዲያውኑ እናቱ ወደምትኖርበት አሜሪካ፣ ደላዌር ሄዶ የጉልበት ሥራ ይሠራ ጀመር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 21 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ። አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ሪታ ንጉሡን በዓይኗ አየች፤ ቦብ አላያቸውም፣ አሜሪካ ነበር። ሲመለስ ግን ልቡ ወደ ራስተፈሪያን እምነት አዘነበለ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለሱ በካርታ ላይ ያለች አገር ብቻ መሆኗ ቀረ።

ቀሪው የዝና ታሪክ ነው። በ1973 የወጣው አልበሙ ከጃማይካ ውጪ አሳወቀው። በ1976 ንጉሡ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉትን ንግግር ወስዶ ዘፈን አደረገው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ቀን፣ ጃማይካ በምርጫ ፖለቲካ በምትታመስበት ጊዜ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቤቱ ድረስ ገብተው ተኮሱበት። ደረቱና ክንዱ ላይ ቆሰለ፤ ሪታም ማናጀሩም ተመቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉን በፋሻ አስሮ መድረክ ላይ ወጣና ዘፈነ። ባጃጅ ውስጥ የነበረው ሦስተኛው ልጅ ሰምቶት የነበረው ይህንን ነው። ጥይቱ ግን አልገደለውም። ቦብ አገሩን ለቆ ለንደን ገባ።

አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ።

ቦብ ኳስ በጣም ይወዳል። ጉብኝት ላይ ሲሆን እንኳ ሜዳ ካገኘ ከባንዱ ልጆች ጋር ይጫወታል። በ1977 ፓሪስ ላይ ሲጫወት የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ተነቀለ። ጣቱ ቀደም ብሎም በኳስ ተጎድቶ ያውቃል። ስለዚህ ቁስሉ አልድን ሲል ማንም አልደነገጠም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ኳስ ነው። መድረክ ላይ በዚያው እግሩ ይዘላል፣ ጫማው በደም ይርሳል፣ በማግስቱ ሌላ ከተማ።

በመጨረሻ ለሐኪም ሲታይና ናሙና ሲመረመር ውጤቱ ሜላኖማ ሆነ። ሜላኖማ ማለት ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። ኳሱ አላመጣበትም። ጉዳቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ቦታው እንዲታይ ማድረግና በዚያው ልክ ደግሞ ለማዘናጋት ምክንያት መሆን ነው። ሽቦ ያለበት ጫማ የሚባለውም ተረት ነው። ይህ ዓይነት ካንሰር ማንም መርዝ ሳያስቀምጥለት በራሱ ጥፍር ሥር ይነሳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም የሚል ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ግማሹ ልክ ነው። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው ሜላኖማ ነጮች ላይ ይበዛል፤ ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ብርቅ ነው። ነገር ግን ጥቁር ሰውን ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። እዚያ ማንም አያይም፤ ሐኪምም ቢሆን ሁልጊዜ አያይም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጥቁሮች ሜላኖማ ሲገኝባቸው ከነጮች ይልቅ ዘግይቶ የሚገኘው፣ የሚሞቱትም በበለጠ መጠን የሆነው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሐኪሞቹ ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። እሱ አልተቀበለም። ምክንያቱ ብዙ ይነገራል። ራስተፈሪያን አካል እንዳለ ሳይጎድል መኖር አለበት ብለው ያምናሉ፤ ፀጉራቸውን የማይቆረጡትም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ኑሮው መድረክና ሜዳ ነው፣ የሚቆመውም የሚዘለውም በዚያ እግር ነው። በመጨረሻ አነስ ያለ ኦፕሬሽን ተመረጠ። ማያሚ ውስጥ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ተነሳ፤ ቦታው ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። የአሜሪካ ጉብኝቱ ተሰረዘ። ቁስሉ ሻረ። ሁሉም ሰው አለፈ ብሎ አሰበ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ዓመታት የቦብ ትልልቅ ዓመታት ናቸው። ኤፕሪል 22 ቀን 1978 ኪንግስተን ላይ ባደረገው ኮንሰርት የሁለቱን ባላንጣ ፓርቲዎች መሪዎች፣ ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ መድረክ ላይ ጠርቶ እጅ አያያዛቸው። በጁን ወር በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ሜዳልያ ተሸለመ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ኢትዮጵያ መጣ።

ጊዜው ደርግ ነው። ሊያያቸው ይመኛቸው የነበሩት ንጉሥ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። የጃማይካ ኳስ ተጫዋች የነበረው ጓደኛው አላን ኮል በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ አሠልጣኝ ስለነበር ቦብ እሱን ይዞ ከተማውን አየ። ሻሸመኔም ወርዶ ንጉሡ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ የሠፈሩትን ወገኖቹን ጎበኘ። ከነገሌ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ የሚያልፍባት ያቺው ሻሸመኔ፣ ያው ጃማይካ ሠፈር። ስለ ዚምባብዌ የዘፈነውን ዘፈን የጻፈውም በዚህ ጉዞ ላይ እንደሆነ ይነገራል።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ሥዕል ይመጣብኛል። በሕይወቱ ሙሉ ሲያልመው የኖረውን አፈር የረገጠው በዚያው እግሩ ነው። ከኦፕሬሽኑ ገና ዓመት ከምናምን ነው። ካንሰሩ በዚያን ሰዓት የት እንደደረሰ የሚናገር ሰው የለም፤ ምክንያቱም ሜላኖማ ወደ ውስጥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አያምም። ደህና ነኝ ማለትና ደህና መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነፃነቷን ስታውጅ ቦብ በበዓሉ ላይ ዘፈነ። በጁን ጣሊያን ሚላን ውስጥ ወደ 100,000 ሰው በተገኘበት ስታዲየም ተጫወተ። ሴፕቴምበር ላይ ኒውዮርክ ገባ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1980 ጠዋት ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ድንገት ወደቀ። ሲመረመር ካንሰሩ አንጎሉ ውስጥ ተገኘ፤ ሳንባውና ጉበቱም ላይ ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አደረገ። ሰዉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ኒውዮርክ ውስጥ ሕክምና ጀመረ። ያ ያላስቆረጠው ፀጉሩ በሕክምናው ምክንያት ሄደ። ኖቬምበር 4 ቀን 1980 በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው። ከዚያ ተስፋ ፍለጋ ጀርመን፣ ባቫሪያ ሄደ። ዮሴፍ ኢሰልስ የሚባል ሐኪም ሌሎች ያልቻሉትን ካንሰር በአመጋገብና በራሱ ዘዴ አድናለሁ ይል ነበር። ዘዴው በሳይንስ የተረጋገጠ አይደለም። ቦብ የዚያን አገር ክረምት በብርድ አሳለፈ፣ 36ኛ ዓመት ልደቱንም እዚያው አከበረ። ክብደቱ እየቀነሰ፣ እየደከመ ሄደ።

በሜይ 1981 ሐኪሙ ራሱ ተስፋ ቆረጠ። ቦብ አገሬ ልሙት ብሎ ጉዞ ጀመረ፤ ግን ጃማይካ አልደረሰም። በመንገድ ላይ ስለጠናበት ማያሚ ወርዶ ሆስፒታል ገባና ሜይ 11 ቀን 1981 ሞተ። ሜይ 21 ቀን በመንግሥት ደረጃ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሸኝቶ በተወለደባት ናይን ማይል ተቀበረ። ኑዛዜ አልጻፈም ነበር። ስለ ሞት ማውራት አልወደደም፤ ልጆቹና ሚስቱ ንብረቱን ለማስከበር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የተመረጡ ዘፈኖቹ ስብስብ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ2005 ስድሳኛ ዓመት ልደቱ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሲከበር የተገኘው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ባለልደቱ ብቻ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ገና የ60 ዓመት ሰው ነበር።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ጋ ሒሳብ መሥራቴ አይቀርም። ሰዎች ስንባል የምናጣው ነገር ከምናገኘው ነገር ይበልጥ ይታየናል። ዛሬ የምንከፍለው ደግሞ ነገ ከምንከፍለው ይበልጥ ይከብደናል። በ1977 በቦብ ፊት የነበረው ሚዛን ይሄ ነው። በአንድ በኩል አንድ ጣት፤ ዛሬ የሚሄድ፣ የሚታይ፣ የሚያም። በሌላ በኩል ዕድሜ፤ ሩቅ ያለ፣ የማይታይ፣ ምናልባትም ማንም ሳይነካው ሊተርፍ የሚችል የሚመስል። ማናችንም ብንሆን ሚዛኑ ሊሸውደን ይችላል።

ጣቱ ቢቆረጥ ኖሮ በእርግጠኝነት ይድን ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ይህ ዓይነት ሜላኖማ ተንኮለኛ ነው። ግን ዕድሉ የነበረው እዚያ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜላኖማ ሳይሰራጭ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ሩቅ አካል ከደረሰ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ዛሬም ቢሆን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከ2011 ወዲህ የመጡት አዳዲስ መድኃኒቶች በ1980 አልነበሩም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቦብን ጀርመን ለምን ሄደ ብሎ ይወቅሰዋል፤ እኔ አልወቅሰውም። በዚያን ጊዜ የትም ቢሄድ ውጤቱ ያው ነበር። ዋጋ የነበረው ውሳኔ የ1977ቱ ነው። ውሳኔም እንደ ብር ነው፤ በቆየ ቁጥር የመግዛት አቅሙ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቤት ልመለስ። አጎቴ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገበያ ገበያ በበረባሶ ጫማ ተጉዘዋል። አንድ ቀን ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ነገር ወጣ። እሾህ ወግቶኝ ነው አሉ፤ እውነትም በቆላ እሾህ ያልወጋው ሰው የለም። ቅቤ ተቀባ፣ ቅጠል ታሰረበት። ቆሰለና ክሊኒክ ሄዱ፣ ቅባት ተሰጣቸው። አልዳነም፤ ሌላ ቅባት። ሦስተኛ ቅባት። ዓመት ሲያልፍ ብሽሽታቸው ላይ እብጠት ወጣ። ድርቁ ከብቱን በሚጨርስበት ጊዜ የከሱ ላሞች በወረደ ዋጋ ተሸጡና አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሙ ውስጥ እግራቸውን አገላብጦ ሲያይ የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ መቼ እንደጀመረ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

የሁለቱን ሰዎች ልዩነት አስቡት። ቦብ ብር ነበረው፤ የዓለምን ሐኪም ሁሉ መግዛት ይችላል። አጎቴ ከነገሌ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነበረባቸው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የአስታማሚ ወጪ፣ የቆመ ሥራ። ግን ሁለቱንም የበላቸው ነገር አንድ ነው፤ የታወቀ የሚመስል ምክንያት። አንዱ ኳስ ነው አለ፣ አንዱ እሾህ ነው አሉ። ምክንያቱ ከታወቀ ማን ይመረመራል?

ነገሩ በሜላኖማ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 9.7 ሚሊዮን ሰው በካንሰር ሞቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰሮች ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል፤ ሌሎች ብዙዎቹ ደግሞ ቶሎ ከተገኙ ይታከማሉ። አገራችን ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው የማሕፀን በር ካንሰር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክትባት አለው፤ ከ2018 ጀምሮ ለታዳጊ ሴቶች እየተሰጠ ነው። ምርመራው ደግሞ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ በመቀባት፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነች እናት፣ አክስት ወይም እህት ካለቻችሁ ተመርምራ እንደሆነ ጠይቋት። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ስለ እግር ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ ይህንን ነው። ጥቁር ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች፣ ብዙ ጥፍሮቹ ላይም ጥቁር መስመሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ አብዛኛዎቹ ምንም አይደሉም። ማርያም የሳመችኝ የምንለው ምልክትም አብሮን ኖሮ ካልተለወጠ አያሳስብም። የሚያሳስበው ለውጥ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር። ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ሲይዝ። ውስጥ እግር ወይም መዳፍ ላይ ቅርፁ የተዛባ፣ ቀለሙ የተደባለቀ፣ እያደገ የሚሄድ ነጥብ። እሾህ ነው፣ ጫማ ነው፣ ኳስ ነው የተባለ ግን በሳምንታት ውስጥ የማይድን ወይም የሚደማ ቁስል።

ከነዚህ አንዱ ካለ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑ ይመዘገባል።  ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ፎቶውን አሳዩ። የሚደማ ወይም የማይድን ቁስል ከሆነ ደግሞ ምንም አትጠብቁ። ቅባት ተሰጥቷችሁ ካልዳነ ሁለተኛ ቅባት አትቀበሉ፤ ሪፈር እንዲጻፍላችሁና ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ። የጤና መድህን ካላችሁ ሪፈሩ ለወጪውም ይጠቅማችኋል። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ካስፈለገ እንደ አለርት ያሉ በቆዳ ሕክምና የሚታወቁ ሆስፒታሎች አሉ። ገና በጊዜው የተገኘ ነጥብ በትንሽ ኦፕሬሽን ይወጣል። የዘገየው ግን ላም ያሸጣል፣ ላሙም ተሸጦ አይበቃም።

ጸሎትም ጸበልም ዱዓም የየራሳችሁ ነው፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም። ፌስቡክ ላይ ካንሰርን በሦስት ሳምንት አጠፋለሁ የሚለውን ጠርሙስ ግን ተጠንቀቁ። የሚወስድባችሁ ብር ብቻ አይደለም፣ ወራትም ነው። ወራቱ ደግሞ አይመለሱም።

ከነገሌ ስመለስ ያንን የባጃጅ ልጅ መናኸሪያው አካባቢ ድጋሚ አገኘሁት። ስለ ቦብ ጣት ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ሲአይኤውን መተው አልፈለገም። ከዚያ ዝም አለና ሸበጡን አውልቆ እግሩን ወደ ላይ አዞረና አየ። አቧራ ብቻ ነበር። ማታ ቤት ስገባ የእናቴንም አያለሁ አለኝ።

እናንተም ዛሬ ማታ እዩ።